ሐረናን ማለፍና ሐረና ማደር

(ባለፈው ቅዳሜ ለእግር ጉዞ ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። መንተባተቡን አውጥቼዋለሁ፤ ቀልዱን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ባሌ የሄደ እስቲ እጁን ያውጣ። ጥሩ፣ ከግማሽ በላይ ናችሁ። ሳነቴ አምባ ላይ ቆሞ ፎቶ የተነሣስ? አሁንም ብዙ ነው። እሺ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ያደረ? ሦስት ሰው። አንዱ ከኋላ "እኔ ያደርኩት አይሱዙው ተበላሽቶብን ነው" እያለ ነው። ይቆጠራል ወንድሜ። እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ጫካውን የምታውቀው አንተ ልትሆን ትችላለህ።

የዛሬው ወሬዬ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ መሀል ስላለው ልዩነት ነው። ሐረናን ያለፈ ሰው ሞልቷል። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን ተሻግሮ ወደ ዶሎ መና የሚወርድ ሁሉ በመሀሉ ያልፋል። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። መኪናው ይነጥራል፣ አቧራው ይገባል፣ መስኮት ይዘጋል። አንዱ "ጉሬዛ! ጉሬዛ!" ይላል፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይጋደማል፣ ከዚያ አለቀ። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እንደዚያ ነው። ለሁለት ዓመት ያህልም "ሐረናን አውቀዋለሁ" እያልኩ ሳወራ ኖርኩ። ሁለተኛ ጊዜ በእግር ገባሁና አምስት ሌሊት አደርኩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ማለቴ፣ እንዳልገባኝ የገባኝ።

ቦታውን ለማታውቁት ባጭሩ። ሐረና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ክፍል ነው፤ ደኑ ከፓርኩ ድንበር ወጥቶም ወደ ቆላው ይቀጥላል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሠረተ ይባላል፣ ግን በሕግ ታውጆ ድንበሩ የጸናው በ2014 ነው። 44 ዓመት መሆኑ ነው። በ2023 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቱሪስት የሚባለው ሰው ግን የሚያየው ሁለት ጥግ ነው፤ ዲንሾና ሳነቴ። ዲንሾ ላይ ደጋ አጋዘን አለ፣ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ሁለቱም ገላጣ ላይ ስለሚውሉ ለፎቶ ይመቻሉ። የሐረና እንስሳ ቀጠሮ አያከብርም። ለዚህ ይመስለኛል ጎብኚ የሚሸሸው። ሰው ከፍሎ ቅጠል ብቻ አይቶ መመለስ አይፈልግም።

አሁን አብራችሁኝ ውረዱ።

ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ እዚያው አጠገብ 4,377 ሜትር ላይ ቆሟል፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው። ጠዋት ኩሬው በረዶ ለብሶ ያድራል። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል። ምድሩ ሜዳ ነው፤ ወደ ደቡብ ትሄዳለህ፣ ትሄዳለህ፣ ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከእግርህ ሥር ገደል ነው። ከገደሉ ሥር ደመና ነው። ከደመናው ሥር ሐረና ነው።

ደመናው በከንቱ አይደለም እዚያ የሚውለው። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣ እርጥብ ነፋስ ቆላውን አቋርጦ ይህን ግድግዳ ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይሆናል፣ ይዘንባል። እኔ የሄድኩት ጥር ነበር። "ጥር በጋ ነው፣ ዝናብ የለም" ብዬ የዝናብ ልብሴን ጎባ ትቼው ወረድኩ። ሐረና ግን የኛን ካላንደር አልሰማም። መጀመሪያው ቀን ከሰዓት ጀምሮ ሲያካፋብኝ ዋለ።

ከአፋፉ ቁልቁል የመጀመሪያው ሰፈር የአስታ ነው። አስታን እንጦጦ ላይ እንደ ቁጥቋጦ ነው የምናውቀው። እዚያ ዛፍ ነው። ግንዱ ተጣሞ፣ ሽበት አብቅሎ፣ ከቅርንጫፉ አረንጓዴ ጺም ተንጠልጥሎ፣ ጉም ውስጥ ሲታይ ሰው የቆመ ይመስላል። መሬቱ እንደ ፍራሽ ነው፤ ስትረግጠው ድምፅ የለም። እዚሁ አካባቢ፣ ኮሶውና አስታው በሚገናኙበት ወሰን ላይ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ አጭር ፊት ያለው ትንሽ እንቁራሪት ይኖራል። ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እኔ አላየሁትም። ግን እርጥብ ግንድ ባለበት ሁሉ እግሬን በጥንቃቄ ነበር የማነሣው። አስቡት፣ የዘር ሐረጉ በሙሉ ያለው በዚያ ጥግ ነው፤ አንተ ደግሞ በቦቲህ ረግጠኸው ስታልፍ።

ቀጥሎ ኮሶ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኮሶን የማናውቅ የለንም፤ ዛፉን ያየ ግን ጥቂት ነው። ጥሬ ሥጋ በልተን፣ እናቶቻችን አፍንጫችንን ይዘው ያጠጡን ያ መራራ ነገር፣ የሴቷ ዛፍ አበባ ነው። አፄ ቴዎድሮስን "የኮሶ ሻጭ ልጅ" ብለው የሰደቧቸው በዚሁ ነው። ስድብ ሆኖ ሲነገር ስለሰማነው ነው መሰለኝ ዛፉን የማናከብረው። ሐረና ውስጥ ኮሶ ግዙፍ ነው። ግንዱ ቀላ ያለና የሚላላጥ ነው፣ ቅርንጫፉ ሰፊ ነው፣ ቀላ ያለው የአበባው ዘለላ እንደ ወይን ይንጠለጠላል። ከአንዱ ሥር ተቀምጬ ምሳዬን በላሁ። ዳቦና ሰርዲን። ሥጋ አልነበረም፤ ቢኖርማ መድኃኒቱ ራሴ ላይ ነበር።

ወደ ማደሪያው ልምጣ። አዲስ አበባ ላይ ጉዞውን ያመቻቸልኝ አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም። "ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል፣ ማደሪያ አለ፣ ምግብ አለ፣ አታስብ" ብሎኝ ነበር። ደረስኩ። ያለው ሜዳ ነው። ካቻ የሚባል፣ ዛፍ የከበበው ገላጣ ሜዳ። አስጎብኚዬ አየኝ፣ እኔ አየሁት፣ ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ሰማዩን አየ። ድንኳን ስለያዝን ክፉ አልነበረም። እኔም እንደ አዋቂ ዞር ዞር ብዬ ደልዳላ፣ ሣሩ አጭር የሆነ፣ ድንጋይ የሌለበት ቦታ መረጥኩ። አስጎብኚው "እዚያ ባይሆን" አለኝ። እኔ ግን "ማንም የለም እኮ፣ ምድረ በዳ ነው፤ የፈለግንበት እንተክላለን" አልኩ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኔ ተንቀጠቀጠ። አንዲት ላም ራሷን አስገብታ ታየኛለች። ከኋላዋ ሌላ ላም። ከእሷ ኋላ ሌሎች ሃያ። ድንኳኔን የተከልኩት የከብት መንገድ ላይ ነበር። ሣሩ አጭር የሆነውም፣ ድንጋይ ያልነበረውም ለዚያ ነው! ከብቶቹን የሚነዱት ሽማግሌ ደርሰው ቆሙ። እኔ ካልሲዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰላምታ ተሰጣጠን። "አከም ቡልቴ?" አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አስጎብኚው እየሳቀ ተረጎመልኝ፦ "ልጄ፣ መንገድ ላይ አይታደርም።"

ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ "ምድረ በዳ" ያልኩት ለሳቸው ዋና መንገድ ነው። ሐጂ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከብቶቹን ወደ ሆራ እየወሰዷቸው ነበር፤ ሆራ ማለት ማዕድን ያለው ምንጭ ነው፣ ከብት ጨው የሚያገኝበት። ባሌ ውስጥ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ቆላውና ደጋው፣ ሣሩና ጫካው እንደ ወቅቱ ይፈራረቃል፤ ከታች ሰብል ሲበቅል ከብቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ በበጋ ሙቀት ሲበረታ ወደ ጫካው ጥላ ይገባል። ያ ገላጣ ሜዳ ለዚህ የሚያገለግል ማረፊያ ነው፤ እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ "ተፈጥሮ" አልኩት። ድንኳኔን ነቅዬ ሃምሳ ሜትር ወደ ዳር ወሰድኩ። ሐጂ ከብቶቻቸውን አሳልፈው ተመለሱና እርጎ በጠርሙስ አመጡልን። አባርረውን ቢሆን ኖሮ እኔ ባፍርም ይገባኝ ነበር።

"አንበሳስ?" የሚል ከዚህ ጋ ሰማሁ። ይህ ጥያቄ ሳይመጣ ስለ ሐረና ማውራት አይቻልም። አንበሳ አለ። ነብር አለ። ተኩላም አለ፤ ውሻ መሰሉ፣ በመንጋ የሚያድነው። ታዲያ እኔ ምን አየሁ? ሁለተኛው ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጥልቅ ነው፤ የሞተር መነሣት የሚመስል፣ የሚያንጎራጉር። "ርርርርር" ይልና ያቆማል፣ ከሌላ አቅጣጫ ሌላው ይመልሳል። ወንድ ነኝና አልጮህኩም። የመኝታ ከረጢቱን ዚፕ እስከ ላይ ዘጋሁ፤ አንበሳን በዚፕ። ጠዋት ፊቴን አይቶ ስካውቱ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። "አንበሳ ሰማሁ" አልኩ። ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። "ዌኒ ነው" አለኝ። ዌኒ ማለት ጉሬዛ ነው። ያ ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሶ፣ ጅራቱን አንጠልጥሎ፣ ቅጠል እየቆረጠመ የሚውል ትሑት ፍጥረት። ጎህ ሲቀድ ወንዱ እንዲህ እያገሳ ነው ለካ ክልሉን ለጎረቤት የሚያስታውቀው። አባቶቻችን ቆዳውን ለምድ አድርገው የለበሱት ድምፁንም ሰምተው መሆን አለበት።

በሦስተኛው ቀን ሙሉ ቀኑን ቀርከሃ ውስጥ ዋልን። የሄድንበት ምክንያት የባሌ ጦጣ ነው። ይህን ጦጣ ከኢትዮጵያ ውጭ፣ ኢትዮጵያም ውስጥ ከደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች ውጭ አታገኙትም። ነጭ ጺም አለው፣ ጀርባው ጥቁር ቡናማ ነው፣ ዓይናፋር ነው። የተራ ጦጣ ዘመድ ነው፤ ጠባዩ ግን ለየት ይላል። ተራው ጦጣ ያገኘውን ይበላል፣ ሽሮህንም ቢሆን አይምርም። የባሌ ጦጣ በአብዛኛው የሚኖረው በቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። በአንድ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ፍጥረት ነው ማለት ነው። ቀርከሃ ደግሞ ለሰው ቤት ነው፣ አጥር ነው፣ ቀፎ ነው፣ ገበያ ነው። ደኑ ተቆራርጦ ቀርከሃው በጠፋባቸው ትናንሽ ቦታዎች ይኸው ጦጣ ሌላ ቅጠልና የገበሬ ሰብል መብላት ጀምሯል። ያኔ ከገበሬ ጋር ይጣላል።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ጠበቅን። ቀርከሃ ውስጥ መቀመጥ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ። ነፋስ ሲነካው ይንጫጫል፣ ይቆማል፣ ጠብታ ይወርዳል። መሬቱ ላይ ገና ያልጠወለጉ የተነከሱ ቅጠሎች ወድቀዋል። አሉ ማለት ነው። ከላያችን ናቸው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቀርከሃ ጎነበሰ፣ ነጭ ጺም ታየ፣ አየኝ፣ ጠፋ። አራት ሰኮንድ ቢሆን ነው። ፎቶ የለኝም። በስልኬ ያለው የሚወዛወዝ ቀርከሃ ቪዲዮ ነው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

ከዚያ በታች ትልቁ ደን ነው። ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋርካ። አናታቸውን ለማየት ቆብ የሚወልቅላቸው ዛፎች ናቸው። ቀና ብላችሁ ብታዩ ደግሞ ቀፎ ታያላችሁ። አንዱ ዛፍ ላይ አምስት ቆጠርኩ። ቀፎው ረጅም ነው፣ ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ የተሠራ፣ ቅጠል የተጠቀለለበት፤ ከሩቅ ሲታይ ዛፍ ላይ የተኛ ሕፃን ይመስላል። ማር የሚቆረጠው በጭስ፣ ብዙ ጊዜ በምሽት፣ ገመድ ታስሮ ተወጥቶ ነው። ሲወጣ ያየሁት ልጅ ዕድሜው ከሃያ አይበልጥም። እኔ መሬት ላይ ቆሜ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ባለ ቀፎው ዛፉን አይቆርጥም፣ ሌላ ሰውም ሲቆርጥበት ዝም አይልም። ከጥበቃው መሥሪያ ቤት በፊት ዛፉን የጠበቀው ቀፎው ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ግን ማር ብቻ አላየሁም። ተቃጥለው የቆሙ አስታዎች አይቻለሁ። አዲስ ሣር እንዲበቅል እሳት ይለቀቃል፣ አንዳንዴ እሳቱ ከእጅ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 በባሌ የተነሣውን ትልቅ ቃጠሎ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ወታደርና ተማሪ ሳይቀር ዘምቶ ነበር። አዲስ የተመነጠረ ማሳም አይቻለሁ፣ መሀሉ ላይ አንድ ዛፍ ቆሞ የቀረ። ስለዚህ "ነዋሪው ደኑን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል" ብዬ ጣፋጭ ወሬ አልነግራችሁም። "ነዋሪውን አውጡና ደኑ ይዳን" የሚለውም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሐጂን ካላገኘ ሰው የሚመጣ ነው። አካባቢው ላይ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የመሳሰሉት ድርጅቶች ነዋሪውን በማኅበር አደራጅተው፣ ደኑን ከመንግሥት ጋር በውል እንዲያስተዳድር ለዓመታት ሠርተዋል። ቡናውንና ማሩን ይሸጣል፣ ደኑን ይጠብቃል። በየቦታው እኩል ሠምሯል አልልም። መንገዱ ግን እሱ ይመስለኛል፤ የሚያበላህን ነገር ነው የምትጠብቀው።

ደግሞ የደኑ ጉዳይ የሐረና ሰው ብቻ አይደለም። ወልመል ወንዝ ከዚህ ነው የሚወርደው፤ ከገናሌ ይቀላቀላል፣ ገናሌ ጁባ ሆኖ ሶማሊያ ይገባል። ሳነቴ ላይ ጫማዬን ያረጠበው ጉም የስንት ግመል ውኃ እንደሆነ እኔ እንጃ።

ለመሄድ ላሰባችሁ፣ ቶሎ ልበለው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ይሻላል። የዝናብ ልብስ ያዙ፤ እኔን አይታችሁ ተማሩ። የመግቢያውን ክፍያና ስካውቱን ዲንሾ ጨርሱ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሳነቴ ላይ አትደሩ፣ ራስ ምታቱ አያስተኛችሁም፤ ጎባ ወይም ዲንሾ አንድ ሌሊት እረፉ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ኔትወርክ እርሱት። ሪራ የሚባለው መንደር ላይ ፈረስ ይከራያል፤ ጓዝ በፈረስ ከሆነ ሰው ይደሰታል፣ ፈረሱን አልጠየቅኩትም። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም እዚያው ያሉ ሰዎችን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ከፌስቡክ አትስሙ። ድንኳን ስትተክሉ ደግሞ...አዎ፣ ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ቀን ወደ ቡናው ወረድን። ከ1,800 ሜትር ገደማ በታች ጫካው ውስጥ ቡናው ራሱን ችሎ የበቀለ ነው፤ ማንም በመስመር አልተከለውም። የዱር ቡና ሲባል ሁላችንም ከፋን፣ ሸካን፣ ያዮን እናስባለን፤ እነዚያ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምዕራብ ናቸው። ሐረና ግን በስተ ምሥራቅ ነው። ቁጥቋጦው ቀጭንና ረጅም ነው፣ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን አስግጓል። ለእኔ ሁሉም አንድ ጫካ ነው የሚመስለው። አብሮን የነበረው ልጅ ግን "ይሄ የአጎቴ ነው፣ ከዚያ ግንድ ወዲያ የእነ እገሌ ነው" እያለ ያሳየኛል። አጥር የለም፣ ምልክት የለም። ሁሉም ያውቃል።

ለቀማው አልቆ ስለነበር ጀንፈሉ ደርቆ በጆንያ ተቀምጧል። ቤት ገብተን ቡና ቀላ ቀረበልን፤ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ። እንደ ቆሎ ትቆረጥመዋለህ። ቅቤው ከጣትህ አይለቅም። እኔ ሁለቴ አስጨመርኩ፤ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ምክንያቱ ግን በዚያን ቀን ጉሬዛ አልነበረም። ጠዋት ዶሎ መና ስደርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ። አራት ሹራብ አንድ በአንድ አወለቅኩ። ከሳነቴ በረዶ እስከዚያ ድረስ ስድስት ቀን፣ በመኪና ግን ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው።

ከዚያ ቤት አምስት ኪሎ ጀንፈል ገዝቼ ነበር። ሁለት ኪሎው ቀርቶኛል። ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከኋላ የሚሸታችሁ ጭስ እሱ ነው፣ እህታችን ሲወቀጥና ሲለቀም ጠዋቱን ፈጅታበታለች። ጥያቄ ያለው ይያዘው፤ ከአቦል በኋላ እንመልሳለን።